ከቆጠራ ወደ ንባብ፦ የአይፈለጌ መልእክት መከላከያ ታሪክና የአማርኛ ዕጣ

1. ሁለት ቃላት

ወደ ናይሮቢ በእንግዳ መምህርነት ከመጣሁ ወዲህ ከስዋሂሊ ቋንቋ ባልደረቦቼ ጋር በሻይ ሰዓት የምናደርገው ጨዋታ ብዙ ጊዜ ከአንድ ቃል ይጀምራል። በአንዱ ቀን የተነሣው ቃል በእንግሊዝኛ «ስፓም» የሚባለው ነበር። እኔ በአማርኛ «አይፈለጌ መልእክት» እንደምንለው ተናገርሁ፤ እነርሱም በስዋሂሊ «ባሩዋ ታካ» እንደሚባል ነገሩኝ። «ባሩዋ» ደብዳቤ ነው፤ «ታካ» ደግሞ ጥራጊ፣ ቆሻሻ ማለት ነው። ከባልደረቦቼ አንዱ እየሣቀ፣ ይኸው «ታካ» የሚለው ድምፅ ግሥ ሲሆን «መፈለግ» ማለት መሆኑን አስታወሰን። አማርኛው የማይፈለግ ያለውን ስዋሂሊው በድምፁ የሚፈለግ፣ በፍቺው የሚጣል አድርጎ ሰይሞታል።

ጨዋታው በሣቅ ቢያበቃም በሁለቱ ቃላት መካከል ያለው ልዩነት ቀላል አይደለም። «አይፈለጌ» የተባለው ቅጽል «አይፈለግም» ከሚለው የአሉታ ግሥ መነሻ ላይ «ኤ» የተባለው ቅጥያ ተጨምሮበት የተሠራ ነው። «አይነኬ»፣ «አይረሴ»፣ «አይበገሬ»፣ «አይቀሬ» ከሚሉት ጋር በአንድ ቤት ይመደባል። ግሡ ተገብሮ በመሆኑ የማይፈልገው ማን እንደ ሆነ አይናገርም፤ ሆኖም ሰሚው ሁሉ የማይፈልገው ተቀባዩ መሆኑን ያውቃል። ስለዚህ የአማርኛው ቃል ስለ መልእክቱ ይዘት አንዳች አይልም፤ የሚናገረው በላኪና በተቀባይ መካከል ስለ ጎደለው ፈቃድ ነው። የስዋሂሊው ቃል በአንጻሩ መልእክቱን ራሱን ጥራጊ ይለዋል። አንዱ ብያኔ ግንኙነትን፣ ሌላው ዕቃውን ይመለከታል።

የዚህ ጽሑፍ ዓላማ በማዕከል የማይመሩ የመረብ መወያያዎች ከአይፈለጌ መልእክት ጋር ያደረጉትን ትግል ታሪክ በአጭሩ መተረክና በዚያ ታሪክ ውስጥ አማርኛ የቆመበትን ስፍራ ማሳየት ነው። የጽሑፉ መከራከሪያ አንድ ነው፦ መከላከያው መጀመሪያ በቆጠራ ላይ የተመሠረተ ነበር፤ ቆጠራም ለቋንቋዎች ሁሉ እኩል ነው። ኋላ መከላከያው ንባብን ሲጀምር ግን ሊነበቡ የሚችሉ ቋንቋዎችና የማይነበቡ ቋንቋዎች ተለዩ። በጽሑፉ ውስጥ ያለ ሌላ ምልክት የተጠቀሱት ዘመናት በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

2. ሚያዝያ 4 ቀን 1986 ዓ.ም.

ዩዝኔት የተባለው መወያያ በ1979 በአሜሪካ በዱክ ዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች ታስቦ በ1980 ሥራ የጀመረ ነው። ባለቤት የለውም። እያንዳንዱ ተቋም የራሱን ሰርቨር ያቆማል፤ ሰርቨሮቹም ጽሑፎችን እርስ በርሳቸው ይቀባበላሉ። አንድ ሰው በአንድ ስፍራ የጻፈው፣ ዕቁብተኛ ለዕቁብተኛ ወሬ እንደሚያደርስ፣ ከጎረቤት ወደ ጎረቤት እየተላለፈ ዓለምን ይዞራል። ውይይቱ በርእስ በርእስ በተከፋፈሉ ኒውስግሩፕ በሚባሉ ቡድኖች ይካሄድ ነበር። ስለ አገሮችና ስለ ባህሎቻቸው የሚነጋገሩት ቡድኖች በ«ሶሲ.ካልቸር» ስም ይጠሩ ነበር፤ የአፍሪካና የኬንያ ቡድኖችም በዚህ ሥር ነበሩ።

በመጋቢት 1993 አንድ አስተዳዳሪ ጽሑፎችን በራሱ የሚሰርዝ ፕሮግራም ሠርቶ ሲሞክር ፕሮግራሙ ተሳስቶ 200 ያህል መልእክቶችን በተከታታይ ለጠፈ። አንባቢዎች ያንን ለመሰየም «ስፓም» የሚለውን ቃል አነሡ። ቃሉ የታሸገ ሥጋ ስም ሲሆን፣ በ1970 በእንግሊዝ ቴሌቪዥን የቀረበ አስቂኝ ድራማ ሳያቋርጥ እየደጋገመው የመሰልቸት ምልክት አድርጎት ነበር። በጥር 1994 የክርስቶስን ዳግም ምጽአት የሚያውጅ አንድ ጽሑፍ በየቡድኑ ሁሉ ተለጠፈ። ከሦስት ወር በኋላ፣ በኤፕሪል 12 ቀን 1994፣ ማለትም በሚያዝያ 4 ቀን 1986 ዓ.ም.፣ ካንተርና ሲገል የተባሉ ባልና ሚስት የአሪዞና ጠበቆች አንድ ማስታወቂያ 6,000 ለሚጠጉ ቡድኖች ላኩ።

ለኢትዮጵያዊ አንባቢ የማስታወቂያው ርእስ እንግዳ አይደለም፤ የአሜሪካ የመኖሪያ ፈቃድ ዕጣ ነበር። በ1990 በወጣው የኢሚግሬሽን ሕግ መሠረት የተቋቋመው የዳይቨርሲቲ ቪዛ ዕጣ የመጀመሪያ ምዝገባ የተካሄደው በዚያው በ1994 ነው። ዕጣው ኋላ በአማርኛ «ዲቪ» ተብሎ ስምም ግሥም አፈራ፦ ዲቪ ይሞላል፣ ዲቪ ይወጣል፣ ዲቪ ይደርሳል። ሁለቱ ጠበቆች ዕጣው የመጨረሻው ሊሆን እንደሚችል እየጠቆሙ ለማመልከቻው አገልግሎት ገንዘብ ይጠይቁ ነበር። ለመንግሥቱ ምዝገባ ግን በዚያ ጊዜ ክፍያ አልነበረም። እንግዲህ በዩዝኔት ታሪክ እጅግ የታወቀው የንግድ አይፈለጌ መልእክት የአዲስ አበባና የናይሮቢ ወጣት ብዙ ተስፋ የጣለበትን ነገር የሚሸጥ ነበር። ይህ መልእክቱን ጥራጊ ብሎ ለማለፍ የሚያስቸግር ነጥብ ነው፤ መረጃው ለአንዳንዱ ተቀባይ የሚፈለግ ነበርና። አጥፊ ያደረገው የተላከበት መንገድ ነው።

መንገዱም እንዲህ ነበር። አንድን ጽሑፍ ለብዙ ቡድኖች በአንድ ጊዜ መላክ በዩዝኔት የተፈቀደ ነው፤ እንዲህ የተላከውን ጽሑፍ አንባቢው አንድ ጊዜ ካየው በሌላው ቡድን አይደገምበትም። ጠበቆቹ ግን በፕሮግራም እየታገዙ ለእያንዳንዱ ቡድን የተለየ ቅጂ ላኩ። አንባቢው በየገባበት ክፍል ያንኑ አገኘ። የተቈጡት ሰዎች የላኩት መልስ የጠበቆቹን አገልግሎት ሰጪ ኮምፒውተሮች እስኪያቆም ድረስ በረከተ። ከባልና ሚስቱ አንዱ፣ ካንተር፣ በ1997 በቴነሲ ግዛት የጥብቅና ፈቃዱን ተነጠቀ።

3. ስልክ ውድ በነበረበት ዘመን

ስለ ብዛት ያን ያህል መቈጣት ዛሬ የተጋነነ ይመስል ይሆናል። በምሥራቅ አፍሪካ የነበረውን ሁኔታ የሚያስታውስ ግን ነገሩን በቀላሉ ይረዳዋል። በ1990ዎቹ መጀመሪያ በአዲስ አበባ በተባበሩት መንግሥታት የአፍሪካ ኢኮኖሚ ኮሚሽን ሥር የነበረው ፓዲስ፣ በናይሮቢም ኢንቫይሮንመንት ሊዬዞን ሴንተር ኢንተርናሽናል የተባለው ድርጅት ፊዶኔት በተባለው መረብ ይገለገሉ ነበር። ፊዶኔት በ1984 የተጀመረ፣ እንደ ዩዝኔት ሁሉ ማዕከል የሌለው መረብ ነው፤ አፍሪካ በውስጡ ዞን 5 ተብላ ትታወቅ ነበር። ኮምፒውተሮቹ ዘወትር የተገናኙ አልነበሩም። መልእክቶችን አጠራቅመው በስልክ ይደዋወሉና ይለዋወጣሉ። ኬንያ ሙሉ የኢንተርኔት ግንኙነት ያገኘችው በ1995፣ ኢትዮጵያ ደግሞ በ1997 ነው።

በእንዲህ ያለ መረብ ላይ መልእክት የሚመዘነው በደቂቃ ነው፤ ደቂቃውም የውጭ አገር የስልክ ሒሳብ ነው። ላኪው በነጻ የላከውን ተቀባዩ ከፍሎ ይቀበለዋል። የአይፈለጌ መልእክት ክፋት ከይዘቱ ይልቅ በወጪው ክፍፍል ላይ መሆኑን ከአዲስ አበባና ከናይሮቢ የተሻለ የሚያውቅ ስፍራ አልነበረም ማለት ይቻላል።

4. ቆጠራ

ከ1994 በኋላ የዩዝኔት አስተዳዳሪዎች ከባድ ጥያቄ ገጠማቸው፤ ባለቤት በሌለው ቤት ውስጥ ማን ማንን ያስወጣል? በዩዝኔት ደራሲው የራሱን ጽሑፍ የሚያነሣበት የስረዛ መልእክት ነበር። የስረዛውን መልእክት በሌላ ሰው ስም አስመስሎ መላክ ቀላል ስለ ነበረ፣ «ካንሰልሙስ» በሚል የብዕር ስም የተሰወረ አንድ ሰው አይፈለጌ ጽሑፎችን ይሰርዝ ጀመር። ብዙዎች አመሰገኑት። ሆኖም መሰረዝ የሚችል ሁሉ የጠላውን አሳብም ሊሰርዝ ይችላልና ገደብ ያስፈልግ ነበር።

ገደቡን የሰጠው በሴት ብራይድባርት ስም የሚጠራው መለኪያ ነው። ስሌቱ ይህ ነው፦ አንድ ጽሑፍ በተለጠፈ ቁጥር የተላከባቸው ቡድኖች ብዛት ካሬ ሥር ይወሰዳል፤ እነዚህም ይደመራሉ። በ45 ቀን ውስጥ ድምሩ ከ20 ካለፈ ጽሑፉ ማንም ሊሰርዘው የሚችል አይፈለጌ ነው። ለምሳሌ አንድ ጽሑፍ በአንድ ጊዜ ለ9 ቡድኖች ቢላክ 3 ይቈጠራል፤ ይህ 7 ጊዜ ቢደገም 21 ይሆንና ገደቡን ያልፋል። የጠበቆቹ 6,000 ቅጂዎች በዚህ መለኪያ 6,000 ይሆናሉ፤ ያንኑ በአንድ ጊዜ ለ6,000 ቡድኖች መላክ ቢቻል ኖሮ 77 ያህል ብቻ በሆነ ነበር። መለኪያው አንባቢን ከድግግሞሽ የሚያድነውን ላኪ በመጠኑ ያቃልልለታል፤ ይሁንና ከቅጣት አያድነውም።

የሥነ ልሳን ሰው በዚህ መለኪያ ላይ ሊያስተውለው የሚገባው በውስጡ የሌለውን ነገር ነው፤ ቃል የለበትም። ጽሑፉ ስለ ዕጣ ይሁን ስለ ሃይማኖት፣ በእንግሊዝኛ ይሁን በአማርኛ አይጠይቅም። ብያኔው ሆን ተብሎ ከይዘት የራቀ ነበር፤ ዓላማውም ስረዛ ሳንሱር እንዳይሆን ነው። ሳይታሰብ ግን ሌላም ፍሬ አፈራ፦ ቋንቋዎችን ሁሉ በእኩል ዐይን አየ። የአማርኛው «አይፈለጌ» ከዚህ መለኪያ ጋር በትክክል ይገጥማል።

በእርግጥም በዚያው ዘመን በቃል ላይ ብቻ መመሥረት ምን እንደሚያስከትል የሚያሳይ ምሳሌ ነበር። በ1994 መጀመሪያ ወራት «ሰርዳር አርጊች» በሚል ስም የሚሠራ ፕሮግራም የቱርክን አገር ስም የያዘ ጽሑፍ ባገኘ ቁጥር የአርመናውያንን ጭፍጨፋ የሚክድ ረጅም መልስ ይለጥፍ ነበር። በእንግሊዝኛ የአገሪቱና የአንድ ትልቅ የዶሮ ዘር ወፍ ስም አንድ በመሆኑ፣ ስለ በዓል ምግብ የጻፈ ሰው ሳይቀር ይኸው መልስ ይደርሰው ነበር። ቃልን ከፍቺው ለይቶ የሚያነብ ማሽን የመጀመሪያ ትምህርት ይህ ነበር።

ቆጠራው በሦስት መንገድ ተፈጸመ። አንደኛው ስረዛ ነው። ሁለተኛው፣ አይፈለጌ እንዳይወጣ የማይከለክል ድርጅት ከሰርቨሩ የሚወጣው ጽሑፍ ሁሉ እንዳይተላለፍ የሚደረግበት ግዝት ነው፤ «የዩዝኔት የሞት ቅጣት» የተባለው ይህ ግዝት በነሐሴ 1997 በዩዩኔት ላይ ተጣለ። ሦስተኛው «ኖሲም» የተባለው ዘዴ ነው፤ ማንም ሰው «ይህን አትዩ» የሚል የተፈረመ ዝርዝር ያወጣል፣ እያንዳንዱ ሰርቨርም የሚያምነውን ፈራሚ መርጦ ይቀበላል። ሽማግሌ መርጦ መዳኘትን ይመስላል።

5. ንባብ

ታሪኩ ሌላ ጅረትም አለው። ጠበቆቹ ማስታወቂያቸውን በላኩበት ሳምንት፣ ከኤፕሪል 11 እስከ 13 ቀን 1994፣ በላስ ቬጋስ በተካሄደ ጉባኤ ላይ ካቭናርና ትሬንክል የጽሑፍን ቋንቋ በፊደላት ቅደም ተከተል የሚለይ ዘዴ አቀረቡ። መሞከሪያቸውን ያገኙት ከዩዝኔት ነው፤ ከ3,400 በላይ የ«ሶሲ.ካልቸር» ጽሑፎችን ተጠቅመው 99.8 በመቶ በትክክል መለየታቸውን ገለጹ። ቋንቋዎቹ 8 ነበሩ፤ ሁሉም የአውሮፓ ናቸው። ቋንቋን በማሽን የመለየት ጥናት እንዲህ ከመወያያ ቡድኖች ውስጥ አድጎ ሲወጣ የአፍሪካ ቋንቋዎች በፈተናው ጠረጴዛ ላይ አልነበሩም።

አማርኛ ራሱ በዚያ ጊዜ በመረቡ ላይ የራሱን ልብስ ለብሶ አልታየም። የግእዝ ፊደል የጋራ ኮድ ያገኘው በ1999 በወጣው ዩኒኮድ 3.0 ሲሆን፣ 345 ምልክቶች ተመዘገቡለት። ከዚያ በፊት አማርኛ በላቲን ፊደል ይጻፍ ነበር፤ ይትና ፍርድይወቅና ዳንኤል ያዕቆብ የቀመሩት «ሴራ» የተባለው ሥርዓት ከሌሎች ይልቅ የተሟላ ነበር። ሴራ ትንሹንና ትልቁን የላቲን ፊደል ለተለያዩ ድምፆች ይጠቀማል፤ ትንሹ ቲ «ተ»፣ ትልቁ ቲ «ጠ» ነው። «መታ» እና «መጣ» የሚለዩት በዚያ ብቻ ነው።

በነሐሴ 2002 ፖል ግሬአም አይፈለጌን በቃላት ስታቲስቲክስ የሚለይ ዘዴ አሳተመ። ዘዴው ለኢሜይል የታሰበ ቢሆንም የመከላከያ ሥራን አስተሳሰብ በሙሉ ለወጠ። ፕሮግራሙ ከተጠቃሚው ደግና ክፉ መልእክቶች እየተማረ ለእያንዳንዱ ቃል የአይፈለጌነት ዕድል ይሰጣል፤ ከመልእክቱም ጎልተው የሚታዩትን 15 ቃላት ወስዶ ያጣምራል። ውጤቱ ከ0.9 ካለፈ መልእክቱ አይፈለጌ ነው። ከዚያ በፊት ታይቶ የማያውቅ ቃል 0.4 ይሰጠዋል። ግሬአም ትልቁንና ትንሹን ፊደል መለየት የጀመረው በጥር 2003 ባወጣው ማሻሻያ ነው፤ በመጀመሪያው ዘዴ በሴራ የተጻፉት «መታ» እና «መጣ» አንድ ቃል ነበሩ።

አሁን በእንግሊዝኛ ብቻ የሠለጠነ እንዲህ ያለ ማጣሪያ ሙሉ በሙሉ የአማርኛ ቃላት የሆነ መልእክት ቢደርሰው ምን እንደሚፈርድ እናስላ። አሥራ አምስቱም ቃላት ያልታዩ ናቸውና እያንዳንዳቸው 0.4 ያገኛሉ። ሲጣመሩ የአይፈለጌነት ዕድሉ 0.0023 ያህል ይሆናል። ማጣሪያው አላወቅሁትም አይልም፤ ንጹሕ ነው ብሎ ይፈርዳል። አለማወቅ እንደ ዕውቀት ተቈጠረ። የዕጣ አጭበርባሪ በእንግሊዝኛ ሲጽፍ ይያዛል፣ በአማርኛ ሲጽፍ ያልፋል።

ተቃራኒው ስሕተትም አለ። በሰፊው ሲያገለግል የኖረው ስፓምአሳሲን የተባለው ፕሮግራም ባለቤቱ የሚፈቅዳቸውን የፊደል ዓይነቶች የሚመርጥበት ቅንብር አለው፤ ምርጫዎቹ የምዕራብ፣ የጃፓን፣ የኮሪያ፣ የሲሪሊክ፣ የታይና የቻይና ናቸው። ግእዝ ከዝርዝሩ ውስጥ የለም። በሌላ ክፍሉ ቋንቋዎችን የሚለየው መሣሪያ ግን አማርኛን በስም ያውቀዋል። በአንድ ፕሮግራም ውስጥ ቋንቋው ተመዝግቦ ፊደሉ ሳይመዘገብ ቀርቷል። የማይነበብ ቋንቋ ዕጣ እንግዲህ ይህ ነው፤ በሩ ወይ ወለል ብሎ ይከፈታል፣ ወይ ጥርቅም ብሎ ይዘጋል።

6. የቃል ቅርጽና ሞክሼ ፊደላት

ማጣሪያውን በአማርኛ ማሠልጠን መፍትሔ አይሆንምን? በከፊል ይሆናል። ነገር ግን ቃልን ከባዶ ቦታ እስከ ባዶ ቦታ ያለ ነገር አድርጎ የሚቈጥር መሣሪያ በአማርኛ ዘንድ ዘወትር እንግዳ ነው። «ገንዘብ»፣ «በገንዘብ»፣ «ገንዘቡን»፣ «ለገንዘባችሁ»፣ «ገንዘባችንንም» ለእርሱ አምስት ቃላት ናቸው። ግሥ ሲሆን ባለቤቱን፣ ተሳቢውን፣ አሉታውንና መስተዋድዱን ሁሉ ስለሚሸከም ብዛቱ ከዚህ በእጅጉ ያልፋል። ስለዚህ ከብዙ ሥልጠና በኋላም ያልታየ ቅርጽ አይጠፋም፤ ያልታየውም በ0.4 ሒሳብ ንጹሕ መስሎ ያልፋል።

ሁለተኛው ችግር ሞክሼ ፊደላት ናቸው። «ፀሐይ» የሚለው ቃል በሁለቱ «ጸ»ዎችና በስድስቱ ተመሳሳይ «ሀ»ዎች ምክንያት በ12 መንገድ ሊጻፍ ይችላል። «ኃይለ ሥላሴ» የሚለው ስም 24 መልክ አለው፤ ሁለቱን ቃላት አጋጥሞ የሚጽፍ ከታከለ 48 ይሆናል። አንባቢ አንዱንም አይስትም፤ ማሽኑ ግን እያንዳንዱን እንደ አዲስ ይቈጥራል። ሊያመልጥ የሚፈልግ ላኪ በእንግሊዝኛ ፊደል በቁጥር መተካት፣ ነጥብ መሰግሰግ ያስፈልገዋል። በአማርኛ ምንም ማበላሸት አያሻውም፤ ሆሄያቱ ራሳቸው መሸሸጊያ ይሆኑለታል።

ሞክሼዎቹን ወደ አንድ መጠቅለል የተለመደ መፍትሔ ነው። ጥንቃቄ ግን ይጠይቃል። በግእዝ «ሠረቀ» ወጣ፣ ብርሃን ሰጠ ሲሆን «ሰረቀ» ሌብነት ነው። መጠቅለሉ ለማጣሪያው በሚዘጋጅ የጥላ ቅጂ ላይ ብቻ ሊሠራ ይገባል፤ ዋናው ጽሑፍ እንደ ተጻፈ መቀመጥ አለበት። አለዚያ አይፈለጌን ለመከላከል ስንል የሆሄያችንን ታሪክ እናጠፋለን።

7. ናይሮቢ

ይህ ሁሉ የመሣሪያ ጉዳይ ብቻ እንዳልሆነ የሚያሳየው ጽሑፉ የሚዘጋጅባት ከተማ ታሪክ ነው። ማሽን ማንበብ ያልቻለውን ሰው ያነበዋል። ከ2019 ጀምሮ ለፌስቡክ በአማርኛና በሌሎች የአፍሪካ ቋንቋዎች የተጻፈውን የሚመረምሩ ሠራተኞች እዚሁ ናይሮቢ፣ ሳማ በተባለ ኩባንያ ሥር ይሠሩ ነበር፤ ኩባንያው ሥራውን በ2023 አቁሟል። በታኅሣሥ 2022፣ ባለፈው ዓመት ኅዳር ወር በባሕር ዳር የተገደሉት የኬሚስትሪ ፕሮፌሰር ልጅ ከሌሎች ከሳሾች ጋር በናይሮቢ ከፍተኛ ፍርድ ቤት በሜታ ላይ ክስ መሠረተ። ከሳሾቹ በመረቡ ላይ የተሠራጨው የጥላቻ ጽሑፍ በጊዜው እንዳልተነሣ ይናገራሉ። ፍርድ ቤቱም በኤፕሪል 2025 ጉዳዩን ለማየት ሥልጣን እንዳለው ወሰነ።

ጥላቻና አይፈለጌ መልእክት አንድ አይደሉም። አይፈለጌን በብዛቱ ማወቅ ይቻላል፤ አንድ ጊዜ ብቻ የተጻፈ የጥላቻ ቃል ግን ሰው ሊያስገድል ይችላልና ቆጠራ አይበቃውም፣ መነበብ አለበት። የሚያገናኛቸው መሠረቱ ነው፤ ሁለቱም ቋንቋውን የሚያነብ ዐይን ይጠይቃሉ፣ ያም ዐይን ለአማርኛ ደካማ ሆኖ ቆይቷል። በማዕከል የሚመራው መረብ ያንን ዐይን ለመቅጠር ገንዘብ ነበረው። ማዕከል የሌለው መረብ ያለው የአባላቱ ፈቃደኝነት ብቻ ነው።

8. የካቲት 2024

በየካቲት 2024 ሁለት ነገሮች በአንድ ሳምንት ልዩነት ሆኑ። የዩዝኔትን መዝገብ ለብዙ ዓመታት ያስተናገደው ጉግል ግሩፕስ አዲስ የዩዝኔት ጽሑፍ መቀበሉን በ22ኛው ቀን አቆመ፤ ከሰጣቸው ምክንያቶች አንዱ ውይይቱን የዋጠው አይፈለጌ ጽሑፍ ነው። የዩዝኔት ልጅ ልጅ ሊባል የሚችለው፣ ማስቶዶንን የሚያቅፈው ፌዲቨርስ ደግሞ በዚያው ወር በአይፈለጌ ማዕበል ተመታ። ከመልእክቶቹ ብዙዎቹ የዚያችኑ የታሸገች ሥጋ ቆርቆሮ ሥዕል ይዘው ነበር። የገቡትም ጠባቂ በሌላቸው፣ ምዝገባቸው ክፍት በሆነ ትንንሽ ሰርቨሮች በኩል ነው። የማስቶዶን አዘጋጆች የሰጡት መልስ፣ አስተዳዳሪ ለአንድ ሳምንት ያልታየበት ሰርቨር ምዝገባው ወዲያው ወደ ፈቃድ ጥያቄ እንዲለወጥ ማድረግ ነበር። ቃል አልተነበበም። ጥያቄው «በቤቱ ሰው አለ ወይ?» የሚል ብቻ ነው። ከ30 ዓመት በኋላ መከላከያው ወደ ቆጠራና ወደ ግንኙነት ተመለሰ ማለት ነው።

ከዚህ ታሪክ ለእኛ የሚቀር ሥራ አለ። አንደኛ፣ አዲስ መወያያ የሚያቋቁሙ የአገር ቋንቋ ማኅበረሰቦች መከላከያቸውን ከቆጠራ እንዲጀምሩ መምከር ይገባናል፤ ቆጠራ ሥልጠና አይጠይቅም፣ ለቋንቋም አያዳላም። ሁለተኛ፣ ንባብ ግድ በሚሆንበት ስፍራ የሥርወ ቃል መለያውንና የሞክሼ ፊደላቱን ሰንጠረዥ ማዘጋጀት የእኛ ድርሻ ነው። ሦስተኛው ከሁሉ ያስጨንቀኛል። ዛሬ ከመረብ የሚሰበሰበውን የአማርኛ ጽሑፍ የሚያጣሩት የእነዚሁ መሣሪያዎች ልጆች ናቸው። በ2022 በታተመ አንድ ሰፊ ጥናት 205 የየቋንቋ ስብስቦች ተመርምረው ቢያንስ 15ቱ አንድም የሚጠቅም ጽሑፍ ሳይኖራቸው ተገኝተዋል። የተሳሳተ ማጣሪያ አንድ መልእክት ቢያሳልፍ አንባቢ ይሰርዘዋል። በስሕተት የጣለውን ግን ማንም አያየውም፤ ነገ የቋንቋውን ታሪክ የሚጽፍ ሰው ያ ጽሑፍ እንደ ነበረ እንኳ አያውቅም።

ባልደረቦቼ «ባሩዋ ታካ» ያሉትን እኛ «አይፈለጌ» ብለናል። የእኛ ቃል የተቀባዩን ፈቃድ በውስጡ ስለ ያዘ ለብያኔ ይበጃል ብዬ አምናለሁ። ይሁንና የተቀባዩ ፈቃድ የሚታወቀው ተቀባዩ በራሱ ቋንቋ ሲነበብ ነው።